100 ዋት ያስፈራቸው ባለ 50,000 ዋቶች

በአሜሪካ ለድሃ ሰፈር፣ ለስደተኛ ማኅበርና ለትንሽ ከተማ የራዲዮ ፈቃድ ሲከለከል ከፊት የሚቀርበው ምክንያት «ሞገዱ ከሌላው ጋር ይጠላለፋል» የሚል ነው። እኔ ይህን ሰበብ እለዋለሁ። ሰበብነቱን የመንግሥት መሐንዲሶች በ2000 እ.ኤ.አ. በአደባባይ ተናግረውታል፤ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት በ2003 አረጋግጦታል፤ ክልከላውን ሕግ ያደረገው ኮንግረስም ከአሥር ዓመት በኋላ የገዛ ሕጉን ሽሮ አምኖታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ያ አሥር ዓመት ግን ለማንም አልተመለሰለትም። በእነዚያ ዓመታት የትላልቅ ከተሞች ክፍት ሞገዶች አንድ በአንድ ተወሰዱ። እኛም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ በገዛ ሰፈራችን የምንናገርበትን ሰዓት በዶላር እየተከራየን ቀረን። ንዴቴ ከዚህ ነው የሚነሳው።

ነገሩን በቅርብ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ ከመሠረቱ ልጀምር። አነስተኛ ኃይል ያለው ኤፍ ኤም፣ ኤል ፒ ኤፍ ኤም እያሉ የሚያሳጥሩት፣ ጉልበቱ ከ100 ዋት የማይበልጥ የማኅበረሰብ ራዲዮ ነው። 100 ዋት የድሮው የቤት አምፖል የሚወስደው ኤሌክትሪክ ነው። አንቴናው 30 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሰቀል ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማው እስከ 5.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፈቃዱ የሚሰጠው እዚያው አካባቢ ላለ፣ ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ነው፤ ማስታወቂያ መሸጥ ክልክል ነው፤ ለማመልከቻውም ክፍያ አይጠየቅም። በዋሽንግተን ሰማይ ላይ ያሉት ትልልቆቹ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች እስከ 50,000 ዋት ይፈቀድላቸዋል፤ በሌሎች ክፍለ ግዛቶች እስከ 100,000 የሚደርሱ አሉ። ከዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ መሐል አንድ የ100 ዋት አንቴና ቢተከል የፌንተን ስትሪት ምግብ ቤቶቻችንን፣ የጆርጂያ አቬኑን ሱቆች፣ ታኮማ ፓርክን፣ ከድንበሩ ወዲያ ያለውን የዲሲ ሰሜናዊ ሰፈር ያዳርሳል። ከዚያ አልፎ ባልቲሞር ልግባ አይል፣ ሪችመንድን አይመኝ። ለእኛ ሰው የሚበቃው ይኸው ነበር።

ይህ ስለሌለን የምናደርገውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ አዘጋጅ ከአንድ የኤ ኤም ጣቢያ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይከራያል። ኪራዩን ለመሸፈን ምግብ ቤቱን፣ የትራቭል ኤጀንቱን፣ ታክስ ሠሪውን፣ ጠበቃውን ደጅ ሲጠና ይከርማል። ማስታወቂያው ሰዓቱን ይበላዋል፤ ወሬው ለተረፈችው ደቂቃ ይጣደፋል። ብዙ የኤ ኤም ጣቢያዎች ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ኃይላቸውን እንዲቀንሱ ወይም እንዲዘጉ ስለሚገደዱ፣ በክረምት፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት፣ ድምፁ ይከስማል። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ሆኜ የሰማሁትን ልንገራችሁ። አዘጋጁ የአንዲት እናት ዜና ዕረፍት እያነበበ ነበር። ስማቸውን አነበበ፣ የልጆቻቸውን ስም አነበበ፣ «የቀብር ሥነ ሥርዓቱም የሚፈጸመው…» ሲል ሰዓቱ ሞላና ተቆረጠ። ወዲያው የጉልበት ሕመም የሚያድን ክኒን የሚሸጥ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ገባ። ጣቢያው አንዲት ሰከንድ አልጨመረም፤ ውሉም አያስገድደውም። የት እንደሚቀበሩ የሰማ ሰው የለም። በኋላ አዘጋጁን ሳገኘው፣ የሟች እህት ደውላ «ምነው ልጄ፣ ቦታውን ሳትናገር?» እንዳለችው ነገረኝ። የሚመልሰው አጥቶ ይቅርታ ሲለምን አመሸ። እሱ ምን አጠፋ? ተከራይ ነው። ባለቤት ቢሆን ኖሮ አድራሻውን ሦስቴ ይደግመው ነበር።

ባለቤት እንዳንሆን የተዘጋው በር ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከማንጠረጥራቸው ሰዎች ነው። በ1978 የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን የ10 ዋት የትምህርት ጣቢያዎችን አዲስ ፈቃድ መስጠት አቆመ። ይህን የጠየቀው ለሕዝብ ብሮድካስቲንግ የመንግሥትን ድጎማ ያከፋፍል የነበረው ኮርፖሬሽን ነው። ትንንሾቹ ቦታ አጣበቡ፣ ለትላልቆቹ የሕዝብ ራዲዮዎች ይለቀቅ ተባለ። ከዚያ በኋላ ለሰፈር ሰው በሕግ የሚገባበት ቀዳዳ አልቀረም። በሕግ የሌለውን ሰዎች ያለ ሕግ ሠሩት። በ1987 ኢሊኖይ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ፣ በመንግሥት ኪራይ ቤቶች መካከል፣ ምባና ካንታኮ የሚባል ዓይነ ስውር ጥቁር አሜሪካዊ በአንድ ዋት ማሰራጫ ከመኖሪያ ቤቱ መናገር ጀመረ። ስለ ፖሊስ ድብደባ ተናገረ፤ ተደብዳቢዎቹን አናገረ። በ1989 ኮሚሽኑ ዝጋ አለው፣ 750 ዶላርም ቀጣው። አልዘጋም። አንድ ዋት! የማን ራዲዮ ጠልፎ ነው? ግቢውን ተሻግሮ ብዙም አይሄድም ነበር። ከእሱ በኋላ በካሊፎርኒያ በርክሌይ እስቲቨን ዳኒፈር በ1993 ጀመረ፤ ቀጥሎ በየከተማው ተቀጣጠለ።

በሌላ በኩል በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሊይዝ የሚችለውን የራዲዮ ጣቢያ ቁጥር ገደብ አነሳ። ክሊር ቻናል የተባለው ኩባንያ ብቻውን ከ1,200 በላይ ጣቢያዎች ሰበሰበ። ከአንድ ስቱዲዮ የተቀዳ ድምፅ የአሥር ከተማ «የአካባቢ ራዲዮ» ሆነ። ይህን አይቶ ዝም ያላለው የኮሚሽኑ የመጀመሪያ ጥቁር ሊቀ መንበር ዊልያም ኬናርድ ነው። በጃንዋሪ 2000 ኮሚሽኑ አነስተኛ ኃይል ያለውን ኤፍ ኤም በይፋ ፈቀደ። አብያተ ክርስቲያናት፣ ትምህርት ቤቶች፣ የሠራተኛ ማኅበራት ተሰለፉ፤ ከ3,000 በላይ ማመልከቻ ገባ።

ጦርነቱ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። የብሮድካስተሮች ብሔራዊ ማኅበር፣ ማለትም የባለ ጣቢያዎቹ ጉልበተኛ ወኪል፣ አንድ ሲዲ አዘጋጅቶ ለኮንግረስ አባላት አደለ። ሲዲው ሲከፈት አንድ ፕሮግራም እየተላለፈ ሌላ ድምፅ ከላዩ ላይ ይነባበራል፤ ሁለቱ እየተደራረቡ ይንጫጫሉ። «ይህ ነው የሚመጣባችሁ» ተባሉ። ሴናተሩና የምክር ቤት አባሉ መሐንዲስ አይደሉም፤ ደነገጡ። ሲዲው ግን ቅጥፈት ነበር። ቅጥፈትነቱን ለመረዳት የኤፍ ኤምን ጠባይ ማወቅ ይበቃል። የኤፍ ኤም ራዲዮ ሁለት ሲግናል ሲደርሰው ጠንከር ያለውን ይይዛል፣ ደከም ያለውን ይጥላል። በሚቀራረቡ ሞገዶች መካከል ችግር ቢፈጠር የምትሰሙት ሽሽሽ የሚል ጫጫታ ነው እንጂ ሁለት ሰዎች እኩል ሲያወሩ አይደለም። ሁለት ድምፅ እኩል የሚሰማው አንድ ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሁለቱን ሲደባልቃቸው ነው። የኮሚሽኑ የምህንድስና ቢሮ ኃላፊ ዴል ሃትፊልድና የብሮድካስት ክፍሉ ኃላፊ ሮይ ስቱዋርት ይህ ማሳያ አሳሳችና ስህተት ነው ብለው መግለጫ አወጡ። ኮንግረስ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የመንግሥት መሐንዲስ ከተናገረው ይልቅ የባለ ጣቢያዎቹ ሲዲ ተሰማ።

ክርክሩ የነበረው ስለ ሦስተኛው ጎረቤት ሞገድ ነው። በአሜሪካ የኤፍ ኤም መደብ እያንዳንዱ መስመር 200 ኪሎኸርትዝ ስፋት አለው። 97.1 ላይ አንድ ትልቅ ጣቢያ ካለ አንደኛው ጎረቤት 97.3፣ ሁለተኛው 97.5፣ ሦስተኛው 97.7 ነው። ኮሚሽኑ ያለው ይህ ነበር፤ ባለ 100 ዋቱን 97.7 ላይ፣ ትልቁ ባለበት ከተማ ውስጥ ብናስቀምጠው ማንንም አይጎዳም። ባለ ጣቢያዎቹ ያሉት ደግሞ፣ አይሆንም፣ አራት መስመር ይራቅ። ከላይ ሲታይ ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ከኒውዮርክ፣ ከቺካጎ፣ ከሎስ አንጀለስ፣ ከዋሽንግተን አንጻር ካያችሁት ግን ሕይወትና ሞት ነው፤ ምክንያቱም በእነዚህ ከተሞች መደቡ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አራት መስመር መራቅ ማለት ጭራሽ አለመኖር ማለት ነው። ገጠር ላይ ይፈቀዳል፣ ከተማ ላይ ይከለከላል። ስደተኛው የት ነው የሚኖረው? ጥቁሩ ድሃ የት ነው የሚኖረው? ከተማ። ሕጉ የማንንም ዘር ሳይጠራ ማንን እንደሚዘጋ በደንብ ያውቅ ነበር።

በዲሴምበር 2000 ክልከላው ሕግ ሆነ። የፈረሙት ፕሬዚዳንት ክሊንተን ናቸው። ራሱን ችሎ በግልጽ ተከራክሮ ያለፈ ሕግም አይደለም፤ በበጀት ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ ነው የገባው። የትኛው የበጀት ሕግ መሰላችሁ? የዋሽንግተን ዲሲ የ2001 በጀት። ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያውያን መኖሪያዎች አንዷ የሆነችው ከተማ ያለ ራዲዮ እንድትቀር የተወሰነው በራሷ የበጀት ወረቀት ላይ ነው። ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ በኮንግረስ የሌላት ከተማ ናት፤ አልጠየቋትም። ሕጉ ደግሞ ቂመኛ ነበር። ከዚህ በፊት ያለ ፈቃድ ያሰራጨ ሰው ፈቃድ እንዳያገኝ ከለከለ። ካንታኮና ጓዶቹ ለሌላው በር አስከፍተው እነሱ ውጭ ቀሩ ማለት ነው። ናሽናል ፐብሊክ ራዲዮም ከባለ ጣቢያዎቹ ጎን ተሰልፎ ተቃወመ። በየዓመቱ ስልክ እየደወልን «የማኅበረሰቡ ድምፅ ናችሁ» እያልን የምናዋጣለት የሕዝብ ራዲዮ! ለዓይነ ስውራን የሚነበቡ ፕሮግራሞች በረዳት ሞገዱ ላይ ስለሚተላለፉ ያነሳው ሥጋት ሊመረመር የሚገባው ነበር፤ ይህን አልክድም። መልሱ ግን መመርመር ነው እንጂ በሩን መዝጋት አልነበረም።

ምርመራውም ተደረገ። ኮንግረስ ራሱ ባዘዘው መሠረት ማይተር ኮርፖሬሽን 2.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት አጠና። በ2003 ውጤቱ ወጣ፤ በሦስተኛው ጎረቤት ሞገድ ላይ የሚቀመጥ ባለ 100 ዋት ጣቢያ የሚያደርሰው ይህ ነው የሚባል ጉዳት የለም። ኮሚሽኑ በ2004 ክልከላው ይነሳ ብሎ ለኮንግረስ ጻፈ። ኮንግረስ መቼ አነሳው? ፕሬዚዳንት ኦባማ የማኅበረሰብ ራዲዮ ሕጉን የፈረሙት በጃንዋሪ 2011 ነው። ጥናቱ ከወጣ ሰባት ዓመት አለፈ። ሴናተር ማኬይንና ሴናተር ካንትዌል፣ በምክር ቤቱ ዶይልና ቴሪ፣ ሪፐብሊካንና ዴሞክራት ተጋግዘው ረቂቁን ደጋግመው አቀረቡ፤ ደጋግሞ ታገተ።

አንጀቴን የሚያሳርረው ግን መዘግየቱ ብቻ አይደለም። እኛ «መደቡ ሞልቷል» እየተባልን ስንመለስ በዚያው መደብ ላይ ምን ሲደረግ እንደነበር ተመልከቱ። በ2003፣ ጥናቱ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ ኮሚሽኑ ትራንስሌተር ለሚባሉት ማሰራጫዎች የማመልከቻ መስኮት፣ ማለትም ማመልከቻ የሚቀበልበትን የተወሰነ ጊዜ፣ ከፈተ። ትራንስሌተር የሌላ ጣቢያን ድምፅ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ነው፤ ስቱዲዮ የለውም፣ ጋዜጠኛ የለውም፣ የሰፈሩን ስም የሚጠራ ሰው የለውም። ጉልበቱ እስከ 250 ዋት ይደርሳል፤ የእኛ ሁለት ተኩል እጥፍ መሆኑ ነው። ከ13,000 በላይ ማመልከቻ ገባ። ሁለት ተዛማጅ ድርጅቶች ብቻቸውን ከ4,000 በላይ አስገቡ፤ ከተሰጣቸውም ብዙውን ሸጡት። በሺዎች የሚቆጠር ማይል ርቆ ካለ ስቱዲዮ በሳተላይት የሚመጣ ስብከት በማያውቀው ከተማ ላይ በ250 ዋት ሲወርድ መጠላለፍ የለም፤ የሰፈሩ እናት በ100 ዋት «ነገ ክሊኒኩ ነፃ ክትባት ይሰጣል» ስትል መጠላለፍ አለ። ፊዚክሱ አንድ ነው። የሚለያየው ማመልከቻውን ያስገባው ሰው ነው።

ዲጂታሉን ደግሞ እዩት። ኤች ዲ ራዲዮ የሚባለው ቴክኖሎጂ በ2002 ተፈቀደ። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ዲጂታል ሲግናላቸውን የሚለቁት ከራሳቸው መስመር ወጣ ብለው፣ በግራና በቀኝ፣ አንደኛው ጎረቤት መስመር ውስጥ ገብተው ነው። 200 ኪሎኸርትዝ የተሰጠው ጣቢያ 400 ያህል ይይዛል። በ2010 ይህን ዲጂታል ኃይላቸውን አራት እጥፍ እንዲያደርሱት በጥቅሉ ተፈቀደላቸው፤ ሁኔታው ለሚፈቅድላቸው እስከ አሥር እጥፍ። ሦስተኛው ጎረቤት ጋ ባለ 100 ዋት ከመጣ ሰማይ ይደፋል ሲሉ የነበሩት ሰዎች፣ አንደኛው ጎረቤት ውስጥ ገብተው ጉልበት ጨምሩልን አሉ። ተጨመረላቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል፤ ኮሚሽኑ በትልቁ ላይ ያጣውን ድፍረት በትንሹ ላይ ነበር የሚያወጣው።

የሞገድ መጠላለፍ የሚባል ነገር የለም እያልኩ አይደለም። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን በጆሯችን የምናውቅ ሕዝብ ነን። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ አገልግሎት በአጭር ሞገድ ሲገባ፣ ልክ የዜናው ርዕስ ሊነበብ ሲል፣ ያ የሚያጉረመርም የወፍጮ ድምፅ የሚመስል አፈና ሲወርድበት ሰምተናል። ማታ ማታ አባቶቻችን ራዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ መርፌውን በፀጉር ስፋት ወዲህና ወዲያ እያሉ፣ ከጩኸቱ ሥር አንዲት ዐረፍተ ነገር ሲፈልጉ አይተናል። በማርች 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አገልግሎቱን ከሩዋንዳው የዘር ማጥፋት ቀስቃሽ ሚል ኮሊን ራዲዮ ጋር አመሳስለው፣ የማፈን አቅም እየተሞከረ መሆኑን በይፋ ተናግረዋል። ያ ሆን ተብሎ፣ በትልቅ ኃይል፣ በመንግሥት እጅ የተደረገ ነበር። ሌላም አለ፤ የአውሮፕላን መገናኛ ሞገድ ከኤፍ ኤም መደብ ቀጥሎ ከ108 ሜጋኸርትዝ በላይ ነው የሚጀምረው፤ በርካሽ የተሠራ ማሰራጫ ወደዚያ ሊያፈስ ይችላል፣ ይህም እውነተኛ አደጋ ነው። የሚከላከለው ግን ፈቃድ ነው። ፈቃድ ያለው ጣቢያ መሣሪያው የተመሰከረለት ነው፤ አድራሻው ይታወቃል፤ ስህተት ካለ ተጠርቶ ያስተካክላል። ፈቃድ የከለከላችሁት ሰው ግን ጣሪያ ላይ ተደብቆ ይሠራል። በ2020 ኮንግረስ ያለ ፈቃድ በሚያሰራጩ ላይ በቀን እስከ 100,000፣ በጠቅላላው እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቅጣት ደነገገ። ቅጣቱን ለማክበድ ይህን ያህል ከቻላችሁ በሩን ለመክፈት ለምን አሥር ዓመት ፈጀባችሁ?

በሩ የተከፈተላቸው ጥቂቶች የሠሩትን አይታችኋል? በፍሎሪዳዋ ኢሞካሊ የቲማቲም ለቃሚዎች ማኅበር በዲሴምበር 2003 ራዲዮ ኮንሲየንሲያን በ107.7 ጀመረ። ገጠር ስለነበሩ ሞገድ ተገኘላቸው። ለቃሚዎቹ ከሜክሲኮ፣ ከጓቲማላ፣ ከሄይቲ የመጡ ናቸው፤ ስፓኒሽም የማይሰሙ፣ በማያ ቋንቋዎች ብቻ የሚናገሩ አሉባቸው። አሠሪ ደመወዝ ሲያስቀር ምን ማድረግ እንዳለባቸው፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ወዴት እንደሚሸሹ፣ በገዛ ቋንቋቸው የነገራቸው ያ ራዲዮ ነው። በ2005 አውሎ ነፋሷ ካትሪና የሚሲሲፒን ዳርቻ ስትመታ፣ በቤይ ሴንት ሉዊስ ያለችው ደብልዩ ኪው አር ዚ፣ ባለ 100 ዋቷ፣ ትልልቆቹ ማማዎች ሲወድቁ ሳትጠፋ ከቀሩት ጥቂት ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። ውሃ የት እንደሚታደል፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ የሐንኮክ ካውንቲ ሰው የሰማው ከእሷ ነው። በሂዩስተን አስትሮዶም ስታዲየም ደግሞ ለተጠለሉት ተፈናቃዮች ኮሚሽኑ በአስቸኳይ የአነስተኛ ራዲዮ ፈቃድ ሰጠ። የአካባቢው ባለሥልጣናት ግን ወደ ውስጥ አናስገባም አሉ። ራዲዮው በመኪና ማቆሚያው ላይ ከቆመ ተጎታች ውስጥ ተናገረ። ዘመዱ የት እንዳለ የሚፈልግ ሕዝብ ውስጥ ተኝቶ፣ መልሱን የያዘው ማይክ ውጭ ቆሞ። ያንን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ከ2011ዱ ሕግ በኋላ በ2013 ለአነስተኛ ኤፍ ኤም የማመልከቻ መስኮት ተከፈተ፤ ከ2,800 በላይ ማመልከቻ ገባ። በአርሊንግተን 96.7፣ በታኮማ ፓርክ 94.3፣ በሲያትል ሬይኒየር ቫሊ 105.7 የተከፈቱት የሰፈር ጣቢያዎች የዚያ መስኮት ልጆች ናቸው። ሦስቱም የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ቦታዎች ናቸው። የማንንም ሲግናል ገደል አልከተቱም። ግን ያ የጠፋ አሥር ዓመት ምን እንዳደረገ አስተውሉ፤ በሦስተኛው ጎረቤት ይገኝ የነበረው ክፍተት በከተማ ውስጥ ከፊሉ በትራንስሌተር ተሞልቶ ስለነበር፣ ብዙ የከተማ አመልካች ወደ ሁለተኛው ጎረቤት ተገፋ። ለዚያ ደግሞ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ልዩ ፈቃዱም ገመድ አንገት ላይ አጥልቆ ነው የሚሰጠው። የመጠላለፍ አቤቱታ ከቀረበበት ጣቢያው ጉዳዩ እስኪጣራ ወዲያውኑ ሥርጭቱን ማቋረጥ አለበት። መጀመሪያ ዝም በል፣ ከዚያ ንጹሕነትህን አስመስክር! በጎ ፈቃደኞች የሚያንቀሳቅሱት ጣቢያ ነው፤ መሐንዲስ ለመቅጠር ገንዘብ የለውም፤ በዘጋ ቁጥር አድማጩ ይበተናል። ባለ 50,000 ዋቱ ግን አቤቱታ ሲቀርብበት ማን ነው በዚያች ቅጽበት የሚያስዘጋው? ከዚህም ሌላ ትልቁ ጣቢያ ቦታ ልቀይር፣ ኃይል ልጨምር ቢል ትንሹ ቦታ ለመልቀቅ ሊገደድ ይችላል፤ በሕግ ሁለተኛ ደረጃ ነውና። በ2015 ደግሞ ኮሚሽኑ የኤ ኤም ባለቤቶችን ላነቃቃ ብሎ የኤፍ ኤም ትራንስሌተር እንዲይዙ አመቻቸላቸው፤ ከሩቅ ገዝተው ወደ ከተማቸው እንዲያዛውሩ ፈቀደላቸው። ሰዓት የሚያከራዩን ጣቢያዎች ለእኛ ቦታ ጠፋ በተባለበት መደብ ላይ ኤፍ ኤም ተጨመረላቸው ማለት ነው። አሁን ሰዓቱን ሲያከራዩን «በኤፍ ኤምም ትሰማላችሁ» ብለው ዋጋ ሊጨምሩብን ይችላሉ።

ለራሳችን ሰዎችም የምለው አለኝ፤ ቁጣዬን ለነጩ ቢሮ ብቻ አላስቀምጠውም። በ2013 መስኮቱ ሲከፈት የት ነበርን? በዲሴምበር 2023 እንደገና ለጥቂት ቀናት ሲከፈት የት ነበርን? በዚህ አካባቢ ስንት ቤተ ክርስቲያን፣ ስንት መስጊድ፣ ስንት ዕድር፣ ስንት የከተማና የወረዳ ተወላጆች ማኅበር አለን! ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለዘፋኝ፣ ለጋላ ምሽት የምናወጣው ገንዘብ አንድ ትንሽ ማሰራጫና አንቴና ይገዛል። ሰው ማሰባሰቡን ለቅሶ ቤት እናውቅበታለን፤ ሌሊት ተነግሮን ጠዋት ድንኳን ተክለን እንገኛለን። የፈቃድ ወረቀት ሲሆን ግን ሊቀ መንበሩ ማን ይሁን ላይ ተጣልተን እንበተናለን። ኮሚሽኑ አመልካቾችን የሚያወዳድርበት ነጥብ ታውቆ ያደረ ነው። በአካባቢው ቢያንስ ሁለት ዓመት የቆየ ድርጅት ነጥብ ያገኛል። በቀን ስምንት ሰዓት እዚያው የተዘጋጀ ፕሮግራም አቀርባለሁ የሚል ነጥብ ያገኛል። በሳምንት ለ20 ሰዓት ሰው የሚገኝበት ስቱዲዮ ያለው ነጥብ ያገኛል። ሌላ ጣቢያ የሌለው ነጥብ ያገኛል። እኩል ነጥብ የመጡ ሰዓት ተካፍለው መሥራት ይችላሉ። የሁለት ዓመቱን ነጥብ መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ ማምጣት አይቻልም፤ ዛሬ ያልተመዘገበ ማኅበር ያን ጊዜ ባዶ እጁን ነው የሚቀርበው። «ዘመኑ የኢንተርኔት ነው፣ ራዲዮ ማን ይሰማል?» የምትሉኝ አላችሁ። ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚጠብቀው፣ ሌሊት ሆስፒታል የሚያጸዳው፣ ልጆቿን ልታመጣ መኪና ውስጥ ተቀምጣ የምትጠብቀው ይሰማል። ዳታ አያስወጣውም፤ የይለፍ ቃል አይጠይቀውም። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶቻችን ቁልፉን አዙረው ይሰማሉ።

የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ። ኮሚሽኑ በአቤቱታ ብቻ ጣቢያ የሚዘጋውን ደንብ ይቀይር፤ መጀመሪያ ይለካ፣ ከዚያ ጥፋት ከተገኘ ይታረም፣ ካልታረመ ይዘጋ። ለትራንስሌተር 250 ዋት ከተፈቀደ ስቱዲዮና ሰው ላለው የሰፈር ጣቢያ 250 ዋት ይፈቀድ። ሕጉ ለሁለቱ እኩል ደረጃ ሰጥቷል፤ በዋት ማበላለጥ እኩልነት አይደለም። ለሌላ ሰው በብዛት እንዲሸጥ ታስቦ የተወሰደ ሞገድ ወደ መደቡ ይመለስ። ኮንግረስም የከተማ ጣቢያ ከትልቅ ጣቢያ የኃይል መጨመር ጥያቄ የተነሳ ቦታውን እንዳያጣ ከለላ ያውጣለት፤ በተለይ ከአንድ የፈቃድ ዘመን፣ ማለትም ከስምንት ዓመት በላይ ሳያቋርጥ ያገለገለውን። የማኅበሮቻችን ሊቀ መናብርት ደግሞ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳው ላይ አንድ ነጥብ ይጨምሩ፤ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በራዲዮው ስም ማስመዝገብ፣ የቦርድ አባላቱን ከአንቴናው 10 ማይል ውስጥ ከሚኖሩት መምረጥ፣ አንቴና የሚሰቀልበትን ጣሪያ ከባለ ሕንፃው ጋር በጽሑፍ መዋዋል። የከፍታው ልኬትና የሞገድ ፍለጋው የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ለዚያ የሚከፈለውን ከአሁኑ ማዋጣት ይጀመር። መቼ እንደሚከፈት ያልተነገረን መስኮት ሲከፈት እንደገና ለጥቂት ቀናት ብቻ ሊቆይ ይችላል፤ እስከዚያ ወረቀቱ ተሟልቶ መቀመጥ አለበት።